ግራና ቀኝ

ኤድመንተን ግንቦት ነው፤ በረዶው ተሰናብቷል፤
ጨውና ጠጠሩ ግን መኪና ላይ ቀርቷል።
ጋራዣችን ጠባብ፣ ለሁለት የማይበቃ፣
አምፖሎቹ በተራ፣ አንዱ ሲያንቀላፋ አንዱ የሚነቃ።

እኔ የእጅ ሰው ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
በጨርቅና በጣት
ክብ፣ ደግሞ ክብ፣ ደግሞ ክብ እያልኩበት
ስንቱን አሳየሁት የገዛ ፊቱን በብረት።
ሰም ስላልኩ ደግሞ ወርቅ አትጠብቁ፤
ዋጋው ቆርቆሮው ላይ አለ፣ አሥራ ዘጠኝ ዶላር፤ እሱን ጠይቁ።

የእህቴ ልጅ ኢዮስያስ የማሽን ሰው ነው።
ጆሮውን ሸፍኖ ከጩኸቱ ጋር ይዘፍናል።
አልሰማውም፤ አይሰማኝም፤
ተስማምተን እንሠራለን።
አረፍ ሲል ግን፣ «ጋሼ፣ ትከሻህ እኮ አለቀ፤
ራጁን ያየው ሐኪም ራሱ ሳቀ።»
«ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፤ ማሽንህ ዓይን የለው፤
አንዴ ከበላ በኋላ መልሶ አይተፋው።»
«ጠርዙን ፕላስተር እለጥፍበታለሁ።»
መልስ አያጣም።
ታጥቧል ያለውን በር፣ የሳንድዊች ላስቲክ
እጄ ላይ አጥልቄ እዳስሰዋለሁ፤
ይኮሰኩሳል። እሱንም አስዳስሰዋለሁ።
«እሺ፣ ይህቺን ትበልጠኛለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰማያዊ ቢዩክ መጣ፣
የሰማንያ አራት ሞዴል፣ ክሮሙ ያልወጣ።
ወይዘሮ ኦሪሲያ የመኪናው ባለቤት ናት፤
ባለቤቷ ግን አምና አርፏል።
«ልሸጠው ነው፤ አሳምሩልኝ፣» አለች፣
ቁልፉን እንደ እንቁላል መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

ተወራረድን። ግራው የሱ፣ ቀኙ የኔ፤
ኮፈኑ ላይ ፕላስተር እንደ ድንበር፤
መያዣው የቬትናሞቹ ሾርባ፤
ዳኛዋ እሷ፣ ሳናማክራት።

ማሽኑ ጮኸ። የአርባ ክረምት የጠጠር ጥፍር
እንደ ጭጋግ ተነነ። አልዋሽም፣ ቀናሁ።
እኔ ገና በሩ ወገብ ላይ ነበርኩ፤
እስትንፋሴ ሰሙን ያደበዝዘዋል፣
ጨርቁ ይመልሰዋል።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይዋ እንደ ቀትር።
በዚያ ብርሃን የሱ ጎን መስተዋት፣
ዘንበል ብለው ሲያዩት ግን የማሽኑ ክብ ጥላ አለበት።
የኔ ጎን ጥልቅ ነው፤ ጭረቱ ግን ከሥሩ
ማር ውስጥ እንደ ቀረ ፀጉር።

መጣች። ኮፈኑን ቀና ብላ አላየችም።
ወደ ግራው በር ሄዳ፣ ከእጀታው ሥር ጎንበስ አለች፤
በጣቷ ፈለገች።
«እዚህ ጋ ነበረ፣» አለች፣ «የቀለበቱ ጭረት።
በሩን በከፈተ ቁጥር፣ አርባ ዓመት!
አውልቀው ስለው፣ ጣቴ ወፍሯል፣ አይወልቅም ሲለኝ።»
ኢዮስያስ መነጽሩን አወለቀ።
ማሽኑ ወለሉ ላይ፣ ገመዱን ታጥቆ፣ ተኝቷል።

ከዚያ ሳቀች። «እሰይ! ተገላገልኩት፤
እሱ ሲሄድ ያልሄደውን ዛሬ ሸኘሁት።»
ሳቋ አለቀ፤ ጣቷ ግን ከቦታው አልተነሣም።

ዞራ ወደኔ በር መጣች።
የቦርሳዋ ዘለበት ያሰመረው መስመር
እንዳለ አለ፣ እንዲያውም ያበራል።
«የኔንስ?» አለች፣ «የኔን ለምን ተዋችሁት?»

ሃያ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት መልስ ነበረኝ፣
ስለ ጠርዝ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ እጅ።
አንዱም አልወጣ።
«እጄ እስከዚያ ድረስ ነው፣» አልኳት፣ «የሚሄደው።»

ሒሳቧን ከፈለች። ስለ ሽያጩ አላነሣችም።
ልጇ ነዳው፤ እሷ በቀኝ በኩል፣
ክንዷን መስኮቱ ላይ አድርጋ።

ሾርባውን ተካፍለን ከፈልን።
ኢዮስያስ አልዘፈነም፤ እኔም አልመከርኩም።
ጣቴ አሁንም ሰም ነው፤
ማንኪያው ሁለቴ አመለጠኝ።